የድሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አልሠራ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ መካከል ስለተሠሩ ኮምፒውተሮች ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለዓመታት ሳይበራ የቆየ ኮምፒውተር አገኘሁ። ሰክቼ ልሞክረው?

አይሞክሩት። ጉጉቱ ይገባኛል። አቧራውን ጠርገው፣ ገመዱን ፈልገው አግኝተው፣ ማብሪያው ከጣትዎ ሥር ሆኖ መታገስ ከባድ ነው። ግን በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያረጀው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩ ወደሚፈልገው ቮልት የሚቀይረው ክፍል ነው። ሲበላሽ ደግሞ ሁልጊዜ ዝም ብሎ አይሞትም። አንዳንዱ 5 ቮልት መስጠት ሲገባው 7 ወይም 8 ይለቅና ሜሞሪውን፣ ፕሮሰሰሩን፣ የምስልና የድምፅ ቺፖቹን በአንድ አፍታ ይፈጃቸዋል።

ፓወር ሰፕላይ ይጠገናል፤ ካልሆነም ይተካል። ምርቱ ከቆመ 30 እና 40 ዓመት ያለፈውን ቺፕ ማግኘት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ከኮምፒውተሩ ይለዩት። ለብቻው ይፈትሹት፣ ለብቻው ያስነሱት፣ ቮልቴጁን ይለኩ። ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው ልክ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

ሊኒየርና ስዊቺንግ የሚባሉት ምን ልዩነት አላቸው? የኔ የትኛው እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?

በእጅዎ ያንሡት። እንደ ድንጋይ ከከበደ ሊኒየር ነው። ውስጡ ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር አለ። እሱ የግድግዳውን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርጋል፣ ዳዮዶች (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) ተለዋዋጩን ኤሲ በአንድ አቅጣጫ ወደሚሄደው ዲሲ ይቀይሩታል፣ ትልቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ እንደ 7805 ያለ ሬጉሌተር 5 ቮልት ላይ ያቆመዋል። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ለጀማሪ የሚመከረው ይሄ ነው። ቀላል ከሆነና ብዙ ክፍል ከታጨቀበት ስዊቺንግ ነው። ይሄኛው የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ዲሲ ቀይሮ፣ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። በ1977 የወጣው አፕል 2 ያለ ፋን መሥራት የቻለው መሐንዲሱ ሮድ ሆልት በሠራለት ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ነው።

አንዳንድ ማሽን ሥራውን ከሁለት ይከፍለዋል። ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለው የቤት ኮምፒውተር የውጭ አዳፕተር የሚሰጠው ያልተስተካከለ 9 ቮልት ነው፤ 5 ቮልቱን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሬጉሌተር ነው። ስለዚህ አዳፕተሩን ያለ ጭነት፣ ማለትም ከረንት የሚወስድ ነገር ሳይገናኝበት፣ ለክተው ከ9 በላይ፣ 12 እና ከዚያም በላይ ቢያዩ አይደንግጡ። በሌላ አዳፕተር ሲተኩት ግን ይጠንቀቁ። የስፔክትረሙ መሰኪያ መሃሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ከዛሬዎቹ የአብዛኞቹ ተቃራኒ ነው።

ከፍቶ መንካት አደጋ አለው?

አለው፤ እንዳይናቅ። 230 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር 325 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ይህ በዋናው ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። ካፓሲተሩን የሚያራግፈው ሬዚስተር ተቃጥሎ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ገመዱን ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ቮልቴጁን ይለኩ። ቀሪ ካለ 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ መያዣ ይዘው 20 ሰከንድ ያህል ያስነኩት። ደግመው ይለኩ። በካቻቢቴ ሾርት ማድረግ ብልጭታው ያስደነግጣል፣ ካፓሲተሩንም ቦርዱንም ይጎዳል።

ስክሪኑ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ አካል የሆነ ማሽን ከሆነ፣ እንደ መጀመሪያዎቹ ማኪንቶሾች፣ የስክሪኑ ቱቦ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። እሱን ማራገፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አይተውት የማያውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ይኑር። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር ሠርተው ለማያውቁም ምክሬ ይኸው ነው፤ ለባለሙያ መስጠት ነውር የለውም።

ምን ምን መሣሪያ ይበቃኛል?

ቢያንስ 600 ቮልት የሚችል ጥሩ መልቲሜትር፣ መበየጃ፣ አሮጌ ሊድ መምጠጫ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ እና ባለ ሽቦ አሮጌ አምፖል። አምፖሉ ምን ይሠራል ለሚሉ ከታች እመጣበታለሁ። የካፓሲተርን የውስጥ ተቃውሞ የሚለካ የኢኤስአር መለኪያ ካገኙ በጣም ይጠቅማል። የቮልቴጁን መዋዠቅ በስክሪን የሚያሳየው ኦስሲሎስኮፕ ለመጀመሪያው ቀን አያስፈልግም።

ጨርሶ ድምፅ የለውም። ከየት ልጀምር?

ከገመዱ። ቀልድ አይደለም፤ ገመዱን፣ ማብሪያውንና መሰኪያውን በመልቲሜትር ሳይፈትሹ ሰዓታት ያባከኑ ብዙ ናቸው። ቀጥሎ ከኋላ በኩል 115 እና 230 የሚል መምረጫ ካለ በየትኛው ላይ እንዳለ ይዩ። 115 ላይ ሆኖ 230 ቮልት ከተሰካበት ዋናዎቹ ካፓሲተሮች ከአቅማቸው በላይ ተጭነው ፈንድተው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከፍተው በዓይንዎ ይመርምሩ፤ የጠቆረ ቦርድ፣ ያበጠ ካፓሲተር፣ የተሰነጠቀ ክፍል። አፍንጫዎንም ይጠቀሙ። የተቃጠለ ነገር ለዓመታት ይሸታል።

ቦርዱን ገልብጠው የብየዳ ነጥቦቹን በብርሃን ይዩ። ትራንስፎርመርና ትልልቅ ክፍሎች ክብደት አላቸው፣ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ ይንቀሳቀሳሉ። በእግራቸው ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ቀጭን ስንጥቅ ካዩ ብልሽቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ሊድ መጥጠው በአዲስ ይበይዱት።

ፊውዙ ተቃጥሏል። ቀይሬ ልሞክር?

ከመጣልዎ በፊት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያንሡት። ሽቦው ብቻ መሃል ላይ ተበጥሶ ብርጭቆው ጥርት ያለ ከሆነ፣ ፊውዙ አርጅቶ ወይም ትንሽ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል። ብርጭቆው ከውስጥ ጠቁሮ ወይም እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሽፋን ለብሶ ካገኙት ግን በከፍተኛ ከረንት ነው የሄደው። ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው። አዲሱ ፊውዝም በሰከንድ ይከተለዋል።

እንዲህ ሲሆን ኤሌክትሪክ ሳይገናኝ፣ ካፓሲተሩ ተራግፎ፣ በመልቲሜትሩ የዳዮድ መለኪያ ሬክቲፋየሩን፣ ማለትም ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩትን ዳዮዶች ይፈትሹ። አራቱም ዳዮዶች በአንድ በኩል ብቻ ማሳለፍ አለባቸው። ቀጥሎ ማቀዝቀዣ ብረት ላይ የታሠረውን ዋናውን ትራንዚስተር ይለኩ። ኮሌክተርና ኤሚተር በሚባሉት እግሮቹ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካነበበ ሞቷል። እሱን ብቻ ቀይረው አይቸኩሉ። ትራንዚስተር ሾርት ሲሆን በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮችና ዳዮዶች ይዞ የመሄድ ጠባይ አለው፤ እነሱ ሳይታዩ አዲሱ ትራንዚስተር ይቃጠላል። ፊውዙን ደግሞ በዚያው አምፔርና በዚያው ዓይነት ይተኩ። ትልቅ አምፔር ማስገባት እሳት መጋበዝ ነው።

አምፖሉ ምን ይሠራል?

ከጥገና በኋላ መጀመሪያ ሲያስነሱ፣ ከ60 እስከ 100 ዋት የሆነ ባለ ሽቦ አምፖል ከአንዱ የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር በተከታታይ ያገናኙ፤ ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንዲገባ። ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ኃይሉን እሱ ይወስደዋል፣ ክፍሎቹ ይተርፋሉ። ደህና ከሆነ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ሥራውን የሚሠራው ሲሞቅ ተቃውሞው የሚጨምረው ሽቦ ነው።

ሳበራው ደህና ነበር፤ ከደቂቃዎች በኋላ ወፍራም የሚከረፋ ጭስ ወጣ። አለቀለት?

አብዛኛውን ጊዜ አላለቀለትም። ቶሎ ከሶኬቱ ይንቀሉት፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሲቀዘቅዝ ይክፈቱት። መግቢያው አካባቢ ቢጫ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ ውስጡ በከፊል የሚታይ አራት ማዕዘን ካፓሲተር ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሪፋ የሚል ስም አለበት። ውስጡ ብረት የተቀባ ወረቀት ነው፣ ሽፋኑ ኤፖክሲ። በዓመታት ብዛት ሽፋኑ ልክ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቀው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፣ ወረቀቱ ይጠጣዋል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይሞቅና ይፈነዳል። በ1981 የወጣው ቢቢሲ ማይክሮ የተባለው ኮምፒውተር በዚህ የታወቀ ነው፤ በአፕል 2 ፓወር ሰፕላዮችም አለ።

ይህ ካፓሲተር ሥራው የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣራት ስለሆነ፣ ሲቃጠል ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ግን ሲተኩት ያገኙትን ካፓሲተር አይግጠሙ። በሁለቱ የኤሌክትሪክ ገመዶች መካከል ያለው ኤክስ2 የሚል ምልክት ያለው፣ በዚያው ማይክሮፋራድ፣ 275 ቮልት ኤሲ የሚችል የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር መሆን አለበት። ከገመድ ወደ ብረት ሳጥኑ የሚሄደው ደግሞ ዋይ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሲበላሽ ሾርት ሆኖ ሳጥኑን ኤሌክትሪክ እንዳያስይዘው ተደርጎ የሚሠራ። በሱ ቦታ ኤክስ መግጠም በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ስንጥቅ ያለበት ሪፋ ካዩ ደግሞ እስኪፈነዳ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ያውጡት።

ቮልቴጁ ልክ መሆኑን እንዴት ነው የምለካው?

ጭነት ሰጥተው። ብዙ አሮጌ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላዮች ባዶአቸውን አይነሡም፤ ቢነሡም የተሳሳተ ቮልት ያሳያሉ። ደህናውን ፓወር ሰፕላይ ሞቷል ብለው የጣሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በ5 ቮልቱ መስመር ላይ 5 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር ያድርጉ፤ 1 አምፔር ይወስዳል። በ12 ቮልቱ ላይ የመኪና አምፖል ይሆናል። ሬዚስተሩ ይሞቃልና ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት።

5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25፣ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 መካከል ይሁን። ከዜሮ በታች የሆኑት ኔጋቲቭ ቮልቶች ትንሽ ቢዋዥቁ ችግር የለውም። አንድ ጊዜ አንብበው አይበቃዎትም። ለግማሽ ሰዓት እንደተጫነ ይተዉትና እየሞቀ ሲሄድ ይከታተሉት፤ አጠገቡ ሆነው ነው ታዲያ። በአይቢኤም ፒሲና በተከታዮቹ ላይ መልሰው ሲሰኩ፣ ፒ8 እና ፒ9 የሚባሉት ሁለት ኮኔክተሮች ተመሳሳይ ስለሆኑ ይለዋወጣሉ። ጥቁር ሽቦዎቹ መሃል ላይ ጎን ለጎን መምጣት አለባቸው። ከተገለበጡ ማዘርቦርዱን ሊያጡት ይችላሉ።

ቲክ ቲክ ይላል እንጂ አይነሣም። ምንድን ነው?

ለመነሣት እየሞከረ፣ ችግር አይቶ ራሱን እያጠፋ፣ መልሶ እየሞከረ ነው። ድምፁ ጥሩ ምልክት ነው፤ ቢያንስ መግቢያው በኩል ሕይወት አለ። መጀመሪያ ሾርቱ ከፓወር ሰፕላዩ ይሁን ከኮምፒውተሩ ይለዩ። የዲስክ ድራይቮቹን፣ ከዚያ ካርዶቹን፣ በመጨረሻ ማዘርቦርዱን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይዩ። ስትነቀል ችግሩን ይዛ የምትሄደው ክፍል ጥፋተኛዋ እሷ ናት።

በአይቢኤም ፒሲ ዘመን ማሽኖች ላይ ተጠርጣሪው የታወቀ ነው። በ12 ቮልቱ መስመር ላይ ያሉ፣ የውሃ ጠብታ የሚመስሉ ታንታለም ካፓሲተሮች ናቸው። ሾርት ሆነው ይሞታሉ፤ አንዳንዴም እንደ ክብሪት ይነዳሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በተራ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ኔጋቲቩን ነው የሚያሳየው፤ በታንታለም ላይ ያለው ምልክት ግን ፖዘቲቩን ነው። ይህን ሳላውቅ በፊት አንዱን ገልብጬ በይጄ ዓይኔ ሥር ፈንድቶብኛል። መነጽር አድርጌ ስለነበር ነው የተረፍኩት።

ኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ ጭነት ተደርጎለትም ቲክቲክታው ከቀጠለ፣ በመውጫው በኩል ያሉት ዳዮዶች አንዱ ሾርት ሊሆን ይችላል። እነሱ ደህና ከሆኑ መቆጣጠሪያውን ለማስነሣት የምትረዳውን ትንሽ ካፓሲተር ይፈልጓት። ብዙ ጊዜ ከማቀዝቀዣው ብረት አጠገብ ተጣብቃ ነው የምትገኘው። በሙቀቱ ደርቃ አቅሟን ታጣለች። ትንሽ ናት፣ ዋጋዋም ትንሽ ነው፣ ግን ሙሉውን ማሽን ታስቆማለች።

ካፓሲተሮቹን በሙሉ ልቀይራቸው?

በዚህ ጉዳይ ሰው ሁሉ አይስማማም። የኔ አቋም እንዲህ ነው፦ በስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ በመውጫው በኩል ያሉትን ኤሌክትሮሊቲኮችና ያችን ትንሽ አስነሺ ይቀይሩ። ሥራቸው ከባድ ነው፣ ሙቀት ላይ ነው የኖሩት። ዋናው ትልቁ ካፓሲተር ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ካላበጠ፣ ካላፈሰሰ፣ ሲለካም ልክ ከሆነ አይንኩት። እያንዳንዱ አላስፈላጊ ብየዳ አሮጌውን የመዳብ መስመር ከቦርዱ የመንቀል ዕድል አለው።

ያላበጠ ካፓሲተር ሁሉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ውስጡ ሲደርቅ ኢኤስአር የሚባለው የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ደግሞ ከሥር በኩል ያፈስሳሉ። ሲነቅሏቸው ወይም መበየጃው ሲነካቸው የዓሣ ሽታ ይሸታል። ፈሳሹ መዳብ ይበላልና ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በደንብ ያጽዱ። አዲሱ በዚያው ማይክሮፋራድ፣ በዚያው ወይም ከፍ ባለ ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚችልና ዝቅተኛ ኢኤስአር ያለው ይሁን። ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሡ። ቦርዱ ላይ የታተመው የፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ) ምልክት ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ።

የኮሞዶር 64 አዳፕተር ለምንድን ነው እንዲህ የሚፈራው?

ስለሚገባው ነው። ይህ በ1982 የወጣ ማሽን ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ነው ከውጭ የሚቀበለው፦ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ። ብዙዎቹ አዳፕተሮች በኤፖክሲ ተሞልተው የታሸጉ ስለሆኑ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ሬጉሌተሩ ሲበላሽ 5 ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ 5 ቮልቱም ያለ ሌላ መከላከያ በቀጥታ ወደ ሜሞሪ ቺፖቹ ይሄዳል።

የታሸገውን ቆፍሮ መጠገን ድካሙ አያዋጣም ባይ ነኝ። በጥሩ አዲስ ይተኩት። ዛሬ ለክተውት 5.1 ቢያሳይ እንኳ ነገ ስለማሳየቱ ዋስትና የለም። ሲተኩ 9 ቮልት ኤሲው እንዳይረሳ፤ የድምፅ ቺፑ 12 ቮልት ከሱ ነው የሚወጣው።

ቮልቴጁ ሁሉ ልክ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሣም። አሁንስ?

መጀመሪያ የት ነው የለኩት? በፓወር ሰፕላዩ ጫፍ 5.0 ሆኖ፣ ቦርዱ ላይ ቺፑ እግር ዘንድ 4.6 ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚበላው የዛገ ኮኔክተር ነው። ነቅሎ መልሶ መሰካት ብቻውን ስንቱን አስነሥቷል።

በአይቢኤም ፒሲና በተከታዮቹ ላይ ፓወር ጉድ የሚባል መስመር አለ፤ በብዙዎቹ ብርቱካናማ ሽቦ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጁ እስኪረጋ ከሰከንድ በታች ጠብቆ በዚህ መስመር 5 ቮልት ይልካል። ካልላከ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይጀምርም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ሌላ ነገር የለም። ሌላው ስውር ችግር ሞገድ ነው። መልቲሜትር አማካዩን ስለሚያሳይ 5.0 ይላል፤ ከላዩ ግን በደረቀ ካፓሲተር ምክንያት ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። ኦስሲሎስኮፕ ካለ በ5 ቮልቱ ላይ ከ50 ሚሊቮልት ብዙ ካለፈ ካፓሲተር ይቀይሩ።

በቫሪያክ (ቮልቴጁን በእጅ ከፍ ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር) ቀስ እያልኩ ቮልቴጁን ብጨምርለት ይሻላል?

ለሊኒየር አዎ። ለብዙ ዓመት የተኛ ካፓሲተር ቀስ በቀስ እንዲነቃ ይረዳዋል። ለስዊቺንግ ግን እኔ አልመክርም። ስዊቺንግ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲገባለት ያንኑ ኃይል ለማውጣት ብዙ ከረንት ይስባል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ዋናው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል። ለሱ አምፖሉ ይሻላል።

በዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ብተካውስ?

ይቻላል። ከ1995 ወዲህ የመጣው ኤቲኤክስ የሚባለው የፓወር ሰፕላይ ዓይነት 5 እና 12 ቮልት አለው፤ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ሲያገናኙት ይነሣል። ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ አዲሶቹ ኔጋቲቭ 5 ቮልት የላቸውም፤ የአንዳንድ ማሽን ሜሞሪ ወይም ካርድ ግን ይፈልገዋል። ሁለተኛ፣ አዲሶቹ ጉልበታቸው ከመጠን በላይ ነው። የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ 63.5 ዋት ብቻ ነበረው፤ ሾርት ሲፈጠር ቶሎ ይዘጋል። 500 ዋቱ ግን መስመሩን እያቃጠለ ሊቀጥል ይችላልና በመስመሩ ላይ ፊውዝ ይግጠሙ። ሦስተኛ፣ አሮጌውን አይጣሉት። የሳጥኑንና የቦርዱን ፎቶ፣ ክፍሎቹንም በአንድ ከረጢት ያኑሩ።

ሁሉን ቀየርኩ፤ 5 ቮልቱ አሁንም 5.6 ላይ ነው። የማስተካከያዋን ብሎን ላዙራት?

ገና ነው። ያች ብሎን ፋብሪካ ውስጥ ተስተካክላ ብዙ ጊዜ በቀለም ጠብታ ታሽጋለች። ቀለሙ ካልተነካ እሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ስለዚህ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እሷን አዙረው 5.0 ቢያደርሱት ብልሽቱን ይሸፍኑታል እንጂ አያጠፉትም፤ ሲሞቅ መልሶ ይመጣል።

መጀመሪያ በቂ ጭነት መኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ ቮልቴጁን እያየ ወደ መቆጣጠሪያው የሚነግረውን መንገድ ይከተሉ፦ ቮልቴጁን የሚከፋፍሉት ሁለት ሬዚስተሮች፣ ማመሳከሪያው፣ እሱም ብዙ ጊዜ ቲኤል431 ነው፣ እና መልእክቱን በብርሃን የሚያሻግረው ኦፕቶካፕለር። ሬዚስተሮቹን አንድ እግራቸውን ነቅለው ይለኩ። ቦርድ ላይ እንዳሉ መለካት ያሳስታል። ኦፕቶካፕለር በዕድሜ ብርሃኑ ይደክማል፤ ርካሽ ስለሆነ ቀይሮ መሞከር ይቻላል።

ኦፕቶካፕለሩ ድንበር ነው። ከሱ ወዲህ ያለው የመውጫው ግራውንድ ነው፣ ከሱ ወዲያ ያለው ከግድግዳው ጋር የተገናኘ ነው። በወዲያኛው በኩል ሲለኩ የመልቲሜትሩ ጥቁር ሽቦ በዋናው ካፓሲተር ኔጋቲቭ እግር ላይ ይሁን፤ የኦስሲሎስኮፕ መቆንጠጫ ግን በፍጹም እዚያ አይሁን፤ ኦስሲሎስኮፑ ከመሬት ጋር የተገናኘ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ሾርት ይፈጠራል። ያንን ለማየት ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ በሚለይ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር በኩል መሰካት አለበት።